የተደፈነው በር ስፋት

የሜትሬን ጫፍ ይዘውልኝ የቆሙት ሽማግሌ ለምን ዝም አሉ?

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። «ተይው ልጄ፣ እሱ ሌላ ነው» ቢሉኝ እጄን ሰብስቤ ወደሚቀጥለው ግድግዳ እሄድ ነበር። እሳቸው ግን የሜትሩን ብረት በአውራ ጣታቸው ድንጋዩ ላይ ተጭነው፣ እኔ ቁጥሩን አንብቤ እስክጽፍ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር። ጻፍኩ። ዛሬ ሰውየው በሕይወት የሉም። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ ስንት መጽሐፍ ባገላብጥም መልሱን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ሕፃናት ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ሀ ሁ» ብያለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለዋል። በጊዜ የተማሩት ደብተራቸው ላይ ሲያንቀላፉ እኔ ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር አምን ነበር። በኋላ ኮምቦልቻ ወርጄ የቤት ንድፍ ተማርኩ፣ ደሴ ተመልሼ መሥሪያ ቤት ገባሁ። ሥራዬ ሰው ሊሠራ ያሰበውን ቤት በወረቀት ላይ መንደፍ፣ ሠርቶ ሲጨርስ ደግሞ ቤቱን ከወረቀቱ ጋር ማስተያየት ነው። ዝምተኛ ስለሆንኩ ጎበዝ ይሉኛል። ሁለቱን የሚለይ አለቃ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ኃላፊያችን ሰበሰቡን። ከገራዶ በላይ ያለ አንድ የድንጋይ ቤቶች መንደር «መልኩን የጠበቀ አርአያ መንደር» እንዲሆን ተመርጧል አሉ። ለመንደሩ የቤት አሠራር መመሪያ ይዘጋጃል፤ ከእንግዲህ እዚያ ቤት የሚሠራ ሁሉ መመሪያውን ይከተላል፤ ያለ እኛ መሥሪያ ቤት ፊርማ ማንም ግድግዳ አያቆምም። መመሪያውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

ኃላፊያችን ስለ አገር መልክ ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። «ገበሬው ቆርቆሮ በመታ ቁጥር አንድ የታሪክ ገጽ ይቀደዳል» ይላሉ። በዚያው ሰሞን እሳቸው ራሳቸው ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ቤት እያስገነቡ ነበር። ቤቱ ሰማያዊ መስተዋት ለብሷል፣ ጣራው ቀይ ቆርቆሮ ነው፣ ከፊት ለፊቱ አራት ወፋፍራም ዓምዶች ቆመዋል። ዓምዶቹ የተሸከሙት ነገር የለም። ንድፉን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ «ለግርማ ሞገስ ነው» ብለውኛል። የከተማው ገጽ ቀድሞ ተቀዶ ስላለቀ ነው መሰል አይቆጠርም።

ሰኞ ገበያ ወርጄ አዲስ ሜትር ገዛሁ። አሮጌው ጫፉ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ተበልቶ ነበር፤ እኔ ደግሞ በተበላ ሜትር አልለካም። በማግስቱ የመሥሪያ ቤቱ መኪና መንደሩ አፋፍ ላይ አደረሰኝ።

«የድሮውን አሠራር ያልለቀቀ ቤት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

ሁሉም ወደ አንድ ቤት ጠቆሙኝ። የሽማግሌው ቤት ነበር። «እሳቸው ግትር ናቸው» አለኝ አንዱ፤ «ልጆቻቸው ከአረብ አገር ‹ቆርቆሮ እናልብስልዎ› ቢሏቸው ‹እኔ ስሞት አልብሱት› አሉ።» ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ የሙሰባቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዬን ሙሉውን መለሱልኝ፣ ስለ ጤናዬም ስለ ወላጆቼም ጠየቁኝ፤ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ግን አላስታውስም። አልተናገሩም ማለት ይቀላል። ሜትሩን ስዘረጋ ግን ሳልጠይቃቸው ተነስተው ጫፉን ያዙልኝ።

ግድግዳው ክንድ ከስንዝር ውፍረት አለው። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ሳይወድ በግድ አንገቱን ደፍቶ ይገባል። ውስጥ መደቡ እንደ አዲስ ተለቅልቋል። ይህንን ሁሉ ለካሁ። ከዚያ ከዋናው በር በስተግራ አንድ ነገር አየሁ፤ ልክ እንደ በር ያለ ቅርጽ፣ ከላዩ የእንጨት ጉበን የተጋደመበት፣ መሃሉ ግን ጥርስ በመሰለ ድንጋይ ተክቦ የተሞላ። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። ልቤ ደነገጠ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ነገር ከሁሉ ቀድሞ ሲያገኝ እንዴት እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ወደተሰበሰበው ሰው ዞሬ፣ «ይሄ ከአባቶቻችሁ የወረደ አሠራር ነው?» አልኩ።

አሁን ሳስበው መልሱን በጥያቄው ጠቅልዬ አጉርሻቸዋለሁ።

«አዎ» አለ አንዱ።

«ኧረ እንዴታ፣ የጥንት ነው» አለ ሌላው።

አንዲት ሴት የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። እኔ ዓይን አፋርነት መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌው የሜትሩን ጫፍ እንደያዙ ነበሩ።

ረቂቄን መመሪያውን ለሚያጸድቀው ኮሚቴ አቀረብኩ። ያንን ቅርጽ የምጠራበት ስም ስላልነበረኝ «ስውር ደጃፍ» ብዬ ጽፌዋለሁ፤ ስሙን ሳወጣለት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቻለሁ። ለኮሚቴው ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ አንድ አማካሪ ተቀጥሮለት ነበር። መንደሩን በፎቶ ብቻ ነው ያየው። የስውር ደጃፉ ሥዕል ላይ ሲደርስ ግን ብዕሩን አስቀመጠ።

«ይሄ እኮ በር አይደለም» አለ፤ «ፍልስፍና ነው። ሕዝቡ ገና ላልመጣው እንግዳ የክብር ቦታ ትቶለታል።»

ኮሚቴው ጻፈ። «ገና ላልመጣው እንግዳ» የሚለውን ሁለት ሰዎች አሰመሩበት። ኃላፊያችን ዓይናቸው እንደ ልማዱ አቀረረና፣ «ወሎ እኮ የፍቅር አገር ነው» አሉ። እኛ ወሎዬዎች ማስረጃ ሲጠፋን የምንናገራት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው የለም።

መመሪያው ታተመ። መግቢያው የኃላፊያችን ነው፣ ፍልስፍናው የአማካሪው ነው፣ የቀረው የእኔ ነው፤ ስሜ ግን የትም የለበትም። «ማንኛውም አዲስ ቤት ከዋናው በር በስተግራ፣ ስፋቱ ዘጠና ሁለት ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ በድንጋይ የተሞላ ስውር ደጃፍ ይኖረዋል» ይላል። በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ በማተሚያ ቤት ያለፈልኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው። አንድ ቅጂ ቤቴ ወስጄ ከመጻሕፍቴ መካከል አቆምኩት።

በሚቀጥለው በጋ አዳዲሶቹን ቤቶች ላረጋግጥ ወጣሁ። አምስት ናቸው። አምስቱም በየግራቸው አንዳንድ የተደፈነ በር ተሸክመዋል። አንዱ ባለቤት የበቆሎ አገዳ አስደግፎበታል፣ ሌላው በግ አስሮበታል፤ እንግዳው ሲመጣ የሚቀበለው በግ ነው። በአራተኛው ቤት ሜትሬን ስዘረጋ ዘጠና አምስት ሆነ።

«ሦስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል» አልኩ።

«ምን ይጎዳል?» አለኝ ግንበኛው። የመንደሩን ካብ ሁሉ የሚክበው እሱ ነው፤ ጎልማሳ ነው፣ ጣቶቹ ከድንጋይ ብዛት ደድረዋል።

«መመሪያው ዘጠና ሁለት ነው የሚለው።»

አስፈረስኩት። ይህንን ስጽፍ ፊቴ ይግላል፤ ግን አስፈርሼዋለሁ። ግንበኛው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወረደ፣ ቱምቢውን ጥሎ፣ መልሶ ካበው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅኩ። ግማሽ ሲደርስ መዶሻውን አስቀመጠና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ አልቆም አለው።

«እታለም» አለኝ ዓይኑን እየጠረገ፤ «ወላሂ ከእንግዲህ ሆዴ አልቻለም፤ ልንገርሽ። የሽማግሌውን በር የደፈንኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን በር?»

«አንቺ የለካሽውን ነዋ። ያኔ ሥራ ጀማሪ ነበርኩ። ሰውየው ሁለት ሚስት ነበራቸው፤ ለያንዳንዷ የራሷ በር፣ የራሷ ጓዳ። ታናሺቱ ተፈታች። ዕቃዋን ይዛ በበሯ ወጣች፣ በማግስቱ አስጠሩኝ። በጣታቸው በሩን አሳዩኝ፣ ደፈንኩት። ፍልስፍናው ይኸው ነው። አሁን ያንቺ መሥሪያ ቤት የአንድ ሰው ፍቺ ለአገሩ ሁሉ አደለ። ይሄ ቤቱን የምክብለት ሰውዬ አንዲት ሚስት ነው ያለችው፤ ‹ማንን ፈትቶ ነው?› እያሉ ይስቁበታል።»

«ያኔ ስጠይቅ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መንግሥት ‹ነው ወይ?› ብሎ ሲጠይቅ ‹ነው› ማለት ነው እኛ ዘንድ ባህሉ» አለኝ። «እሱን ደግሞ መመሪያሽ ላይ አልጻፍሽውም።»

«ሴትየዋስ?»

«ኮምቦልቻ ወርዳ ፋብሪካ ገባች ይባል ነበር። አላህ ይወቅ።» መዶሻውን አነሳ። «እንግዲህ ዘጠና ሁለት አይደል ያልሽው?»

ሽማግሌውን ልጠይቅ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ማንም አልተቀመጠም። ቅሬው፣ የመንደሩ እድር፣ ከቀበራቸው ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ጎረቤት ነገረኝ። ጣራው ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል፤ ልጆቻቸው ቃላቸውን አክብረው ሲሞቱ አልብሰውላቸዋል።

ደሴ ተመልሼ ለማንም አልተናገርኩም። ምክንያት ደርድሪ ብባል እደረድራለሁ፤ ኃላፊያችን ይቆጣሉ፣ መመሪያው ተሰራጭቷል፣ ገበሬዎቹም ለምደውታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። መጽሐፉን ከመደርደሪያዬ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

አንዲት ትልቅ ሴት ወደ ቢሯችን የመጡት በዓመቱ፣ ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። አረንጓዴ ሻሽ አስረዋል፣ ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለዋል። ሲናገሩ ቢሮው ያስተጋባል፤ ማሽን መካከል ዕድሜውን የፈጀ ሰው ድምፁን ዝቅ ማድረግ ይረሳል። ከፋብሪካ ጡረታ ወጥተዋል። ኮምቦልቻ የተከራዩትን ክፍል ባለቤቱ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ስለሆነ ልቀቁ ብሏቸዋል። አባታቸው በተዉላቸው ቦታ፣ በዚያው መንደር፣ አንዲት ቤት እያሠሩ ነው።

«ግድግዳዬ ከወገብ በላይ ደርሷል» አሉ ለኃላፊያችን። «ቀበሌው መጥቶ አቁሚ አለኝ። ያ የድንጋይ በር የለውም ብሎ። ጣራ ሳይለብስ ዝናብ ከመጣ ጭቃው ተበልቶ ካቡ ይናዳል። እኔ ሁለተኛ የማሠራበት ዕድሜ የለኝም።»

«እማማ፣ ስውር ደጃፉን ያሠሩዋ። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው።»

«አላሠራም።»

«ባህልዎ ነው እኮ።»

«የማን?»

«የእርስዎ፤ የመንደርዎ።»

«እኔ የማላውቀው የእኔ ባህል ከየት መጣ?»

ኃላፊያችን በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «ከተማ ብዙ ስለቆዩ ረስተውት ነው» አሉና መመሪያውን ገልጠው ገና ስላልመጣው እንግዳ አነበቡላቸው።

ሴትየዋ፣ ኃላፊያችን አንብበው እስኪጨርሱ ሰሙ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ረስቼው ቢሆን ደግ ነበር» አሉ፤ ፌስታላቸውን ጠቅልለው ወጡ።

ያን ጊዜ ማን እንደሆኑ ገባኝ፤ ዕቃቸውን ይዘው በዚያ በር የወጡት እሳቸው ናቸው። ጠረጴዛዬ ከበሩ ሁለት ሜትር ይርቃል፤ ተነስቼ ልከተላቸው እችል ነበር። ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። «ካላሠሩ እንዳትፈርሚ» አሉኝ። «እሺ» አልኩ።

ሁለት ጊዜ ተመልሰው መጡ። ሁለተኛው ጊዜ ላይ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ «አንቺ ልጅ፣ አፍ የለሽም?» አሉኝ። ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ፤ እሱን ፈገግታ እስካሁን አላወለቅኩትም።

በሚያዝያ መጨረሻ ሰማዩ ሁለት ቀን ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ጦሳ ተራራ ላይ ነጎደጎደ። እሑድ ነበር። ከመዝገባቸው አድራሻቸውን ገልብጬ፣ የማረጋገጫ ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ የምናገረውን በልቤ አረቀቅኩት፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሦስተኛው ረቂቅ ላይ ነበርኩ። ታች ሙቀት ነው። የለበስኩት ሹራብ ብቻውን የደሴ ሰው መሆኔን ያሳብቃል።

በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ውስጥ የመጨረሻዋ ክፍል ናት። ዕቃው ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታስሯል። ያልታሰረው አንድ ረጅም የቆርቆሮ ሣጥን ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«የቢሮዋ ዝምተኛ» አሉኝ። «ግቢ። አንቺን ልከው ሊያስፈራሩኝ ነው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«እንግዲያው ምን አመጣሽ?»

ረቂቆቼ ሦስቱም ጠፉ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምኑ ነሽ?»

«መመሪያው ላይ በሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሽማግሌውን ቤት ለክቼ ነው። የተደፈነውን በር የአባቶች ሥራ መስሎኝ ጻፍኩት። ከዚያ ግንበኛው ነገረኝ። ካወቅኩ አንድ ዓመት አለፈኝ። እርስዎ መሆንዎንም ያወቅኩት መጀመሪያ የመጡ ዕለት ነው።»

ጎረቤት ግቢ አንዲት ሴት ልብስ ታሰጣለች፤ የጨመቀችው ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ሴትየዋ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አዩኝ።

«ስትለኪ ብቻሽን ነበርሽ?» አሉኝ።

«አይ። እሳቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘውልኝ ነበር።»

«ይዞልሽ?»

«አዎ።»

«ምን አለ?»

«ምንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያኔም ምንም አላለም» አሉ።

«ስፋቱን ስንት ነው ብለሽ የጻፍሽው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ዘጠና ሁለት።»

«ውሸት ነው።»

«በአዲስ ሜትር ነው የለካሁት» አልኩ። እዚህ ላይ እንኳ መከራከሬን ሳስብ በራሴ እገረማለሁ።

ከሣጥኑ ላይ ተነሱ። «በዚያ በር የወጣው ይሄ ሣጥን ነው። ወንድሜ አግድም አቅፎ ነው ያወጣው፤ ግራም ቀኝም አልነካም። በያ፣ ለኪው።»

ሜትሬን አወጣሁ። ጫፉን እሳቸው ያዙልኝ። ዘጠና አራት ከግማሽ። ግንበኛው ሲደፍን ድንጋዩን በመቃኑ ላይ አልፎ ከቦታል ማለት ነው፤ እኔ የለካሁት የተረፈውን ነው። ያስፈረስኩት የገበሬው በር ዘጠና አምስት ነበር።

ወረቀቱን አውጥቼ ሣጥኑ ላይ ዘረጋሁና «ስውር ደጃፉ ባለይዞታዋ ባቀረቡት ምክንያት ታልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

«አንብቢልኝ» አሉ። አነበብኩላቸው።

«የምን ምክንያት? እኔ ምክንያት አላቀረብኩም፤ ቤት ነው ያቀረብኩት። እሱን ሰርዢው።»

ሰረዝኩት። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ አልረዱኝም። ከግቢው ውጪ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ተሰማ። ጎንበስ አልኩና፣ «ስውር ደጃፍ የሚባል ባህል የለም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነው፤ ቤቱ ይቀጥል» ብዬ ጽፌ፣ ከሥሩ ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ።